የትንሿ ፍሬን

«ቀስ! መሪዋን አትጎትቱ፤ ከሥር፣ ከሥር ያዟት!»

በረንዳው ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች ስኒያቸውን እንደያዙ አንገታቸውን አሰገጉ። አንዲት አሮጌ ፒካፕ ግቢውን ሽቅብ ወጥታ በረንዳው ሥር ቆማለች፤ ከጀርባዋ ሁለት ጎረቤቶች አንዲት ትንሽ ሞተር ሳይክል ያወርዳሉ። የሚጮኹት ሾፌሩ ናቸው፤ ጢማቸው የሸበተ፣ ከጥፍራቸው ሥር የብረት ጥቁረት የማይለቅ ሽማግሌ። አምስት ሰዓት ከሚያስኬደው ከተማ፣ ከሟቿ ቤት፣ ዕቃዋን ጭነው መምጣታቸው ነው።

የሞተሯ ጎማ መሬት ሲነካ ከወንበሩ ንቅንቅ ያላለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ቤተሰቡ «ትንሿ» የሚላት የሟቿ ታላቅ ወንድም።

ይህን ሰው ሰፈሩ «ኦርጅናል» ነው የሚለው። ከግቢው በር አጠገብ ባለችው ክፍል ውስጥ አሮጌ ትናንሽ ሞተሮችን እየፈታ ያድሳል፤ ልክ የዛሬ አርባ ዓመት ከፋብሪካ እንደወጡ አድርጎ። የሌላ ሞተር ብሎን ከሚገጥም ጣቱን ቢቆርጡት ይመርጣል። አንድ ደንበኛ ዘመናዊ መብራት ግጠምልኝ ብሎ ቢለምነው፣ «መብራት ከፈለግህ አምፖል ግዛ» ብሎ ከነሞተሩ ሸኝቶታል። ስሙም በዚሁ ወጣ።

ሦስተኛ ቀኑ ነው። «እግዜር ያጽናህ» ሲሉት «አሜን»፣ «ምን ይደረግ» ሲሉት «ምን ይደረግ» እያለ ተቀምጧል። ወገቡ ዝሏል፤ ፊቱ ደግሞ ከወገቡ ይብሳል። የሐዘን ፊት ይዞ መዋል ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቀው ያየው ነው። ሰው ሲጨብጠው ዓይን ዓይኑን አያየውም፤ ከእህቱ ጋር አራት ዓመት እንዳልተነጋገረ የማያውቅ የለማ። እሱም ከመጣው ሰው ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ይጠብቃል፤ ትንሿ ሳትቀየምህ ነው የሄደችው የምትል። ሰው ይመጣል፣ ቡና ይጠጣል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ይሄዳል። ያችን ቃል ይዞለት የመጣ ግን የለም።

«ይቺ ናት?» አሉ አጎት፣ የእናቱ ወንድም፣ ሞተሯን ዞረው ዞረው ካዩ በኋላ። «አይ ትንሿ! ሸልተው የለቀቋት በግ አስመስላታለች እኮ!»

ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቃቸውን በስኒ ሸፈኑ። አጎት ደግሞ አንድ ሰው ከሳቀላቸው አያቆሙም።

«ግድ የለም፣ ወንድሟ ምን ሆኖ! አባቷ ሲነዷት እንደነበረችው አድርጎ ይመልሳታል። ሳሎን ትቆምና ለአባትም ለልጅም መታሰቢያ ትሆናለች። አይደለም እንዴ?»

ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። እናቱ ብቻ መሬት መሬቱን ታያለች።

«እመልሳታለሁ» አለ ኦርጅናል። «ለቅሶው ሳይበተን እጀምራለሁ።»

ይህን ሲል ትንሽ ቀለል አለው። ቢያንስ እጁ ሥራ አገኘ። ደግሞም እህቱ ያበላሸችውን ካስተካከለ፣ በዚያው እሷንም ይቅርታ የጠየቀ መሰለው። ድካም ሰውን እንዲህ ያለ ነገር ያሳስበዋል።

ሞተሯ የአባታቸው ነበረች። ሰባ ሲሲ፣ ክብ መብራት፣ አረንጓዴ ቀለም። ሃያ ዓመት ሥራ ተመላልሰውባታል። እሳቸው ሲያርፉ ዝገት በልቷት ነበርና ኦርጅናል ዕቃዋን ከየአሮጌ ብረት ሻጩ እየለቀመ ሁለት ዓመት ሙሉ አደሳት። ትንሿ የመኪና ወንበር ሰፊ ነበረች፤ የሞተሯን መቀመጫ የሰፋችው እሷ ናት። ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ «ወንድም ጋሼ፣ አንተ እኮ ሙት ነው የምትቀሰቅሰው» ትለው ነበር። ሥራው ሲያልቅ አባታቸው በተናዘዙት መሠረት ቁልፉን ለሷ ሰጣት። ሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሲወስዳትም ሞተሯን ይዛ ሄደች።

ከዚያ የዛሬ አራት ዓመት፣ አንድ እሑድ መጣች። ሞተሯን ከመኪና አስወርዳ የክፍሉ ደጃፍ ላይ አቆመቻት።

«ወንድም ጋሼ፣ ና እስቲ እያት።»

አያት። መቀመጫዋ ዝቅ ብሏል። በእግር ተረግጦ የሚያስነሳት ብረት የለም፤ በሱ ፋንታ አዝራር ገብቷል። የኋላውን ፍሬን የሚይዘው የእግር ፔዳልም የለም፤ መሪው ላይ ያለችው አንዲት እጀታ ሁለት ሽቦ ትጎትታለች፣ አንዱን ለፊት ጎማ፣ አንዱን ለኋላ። በቀኝ በኩል ከሥር ጠርዙ የታጠፈ ሰፊ ላሜራ ተገጥሟል፤ ላዩ ላይ የቆዳ ማሰሪያ አለው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ዕቃ መጫኛ ነው?»

ትንሿ ሳቀች። «አዎ፣ ዕቃ ነው።»

እሱ አልሳቀም። «የአባባን ሞተር አረድሻት! ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት አገር ዞሬ የለቀምኩትን...»

«አትቆጣ። መጀመሪያ ተቀመጥባትና ልንገርህ።»

«አልቀመጥባትም። ውሰጂልኝ ከዓይኔ!»

እጇን ከመሪዋ አነሳች። ከዚያ ግድግዳውን በእጇ እየተደገፈች ወደ በሩ ሄደች። አይቷታል። እያለቀሰች ነው ብሎ አሰበ፤ ታልቅስ አለ በሆዱ። ከዚያ ወዲያ ስትደውል ስልኩን አላነሳም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሽማግሌው ሾፌር ወደ ክፍሉ መጡ። አጎት ቤት አድረዋል፤ ቀትር ላይ ይመለሳሉ። የእንጨት ሳጥን ታቅፈዋል።

«ለወንድሜ በእጁ ስለተባልኩ ነው ትናንት ሰው መሀል ያላወረድኩት» አሉ። «እኔ የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ። ብረት እቀርጻለሁ። የእህትህ ሱቅና የኔ ሱቅ ግድግዳ ለግድግዳ ነበር።»

ሳጥኑን ከፈተው። ዘይት በነካ ጨርቅ የተጠቀለሉ ነገሮች ሞልተውታል፤ እያንዳንዱ ጥቅል በወንበር መስፊያ ክር ታስሯል። አንዱን ፈታው፤ የፍሬኑ ፔዳል ነው። ሌላውን ፈታው፤ ማስነሻው። ከዚያ የመቀመጫው ሞላዎች፣ ከዚያ ዳዶዎቹ ሳይቀሩ በየመጠናቸው። ዝገት የነካው አንድም የለም።

«ሻንሲው፣ ዋናው አጥንቷ፣ ግን ተቆርጧል» አለ፤ ለራሱ የሚከራከር ይመስላል።

«ጎንበስ ብለህ አይተኸዋል?»

ኦርጅናል ፔዳሉን መልሶ አንስቶ አገላበጠው።

«ቆርጬው ቢሆን በግማሽ ቀን በተገላገልኩ ነበር። 'የአባባ ሻንሲ አይነካም' አለች። ሁሉንም በማቀፊያና በብሎን አሠራችኝ። ያንን ላሜራ ብቻ ሰባት ጊዜ መልሳብኛለች። ቀለሙን ይፍቀዋል፣ ጠርዙ ይሻክራል፣ ይጮሃል... ደግ ልጅ ነበረች፣ ግን እንደሷ ያለ ደንበኛ አይግጠምህ።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። «አልነገሩህም እንዴ?»

«ምኑን?»

«እግሯን ነዋ።»

ኦርጅናል እጁ ላይ ያለውን ፔዳል እንደያዘ አጠገቡ ያገኘው ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀመጠ።

«ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች አልታዘዝ አላት» አሉ ሽማግሌው። «የነርቭ ነው፣ እያደር ወደ ላይ ይወጣል አሏት ሐኪሞቹ። እሷ ደግሞ ሞተሯን አልተውም አለች። ስለዚህ የእግርን ሥራ ሁሉ ለእጅ ሰጠነው። ላሜራው የእግሯ ማሳረፊያ ነው። እግሯን በሁለት እጇ አንስታ ታስቀምጠውና ታስረዋለች። 'ዕቃዬን ጭኛለሁ፣ እንሂድ' ትል ነበር።»

«ሳንባ ምች ነው ያሉኝ።»

«መጨረሻዋ እሱ ነው። በሽታው ደረቷ ሲደርስ ማሳል እንኳ አቃታት።» ሽማግሌው የተፈታውን ጨርቅ ማጠፍ ጀመሩ። «ያን እሑድ በር ላይ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ እጠብቃት ነበር። 'ወንድሜ ባለሙያ ነው፣ ሞተሯን ሲያይ ራሱ ይገባዋል፤ ምንም ማለት አያስፈልገኝ ይሆናል' እያለች ነበር መንገዱን ሙሉ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተመለሰች።»

ከሐዘኑ በፊት እፍረት መጣበት።  ሞተር ፊቱ ቢያቆሙለት ባለቤቱ ከባድ ሰው ይሁን ቀላል፣ ግራኝ ይሁን ቀኝ ከጎማው አበላልና ከእጀታው ልስላሴ የሚናገር ሰው ነው፤ በዚህም ሲኮራ ኖሯል። ትንሿ ያቆመችለትን ግን አላነበበውም።

«ተቀይማኝ ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«ልዋሽህ?»

«አይዋሹኝ።»

«ትሰድብህ ነበር። ሥራ ሲበዛባት ደግሞ ይብስባታል። 'ይሄ ሰው ጭስ አይቶ ሞተር የቱ ጋ እንደታመመ ያውቃል፣ እህቱ ስታነክስ ግን አይታየውም' ትላለች። እሺ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሰው የተበላሸ ሞተር እየገፋ ሲያልፍ ካየች ከወንበሯ ሆና ትጠራዋለች። 'ወንድሜ ጋ ውሰደው፣ እሱ ካየው ይድናል' ትላለች። አምስት ሰዓት መንገድ፣ በተሰበረ ሞተር! እንግዲህ አንተው ደምረው።»

መደመሩ አቃተው። ሽማግሌው ሲነሱ ትከሻውን ያዝ አደረጉት። «ሳጥኑን ስትሰጠኝ 'እኔ ስጨርስባት ይመልሳት፣ እንዳሻው ያድርጋት' ብላለች። አደራዬን ተወጥቻለሁ።»

እናቱን ጓዳ አገኛት፤ የለቀስተኛውን ስኒ ታጥባለች።

«ታውቂ ነበር?»

ዞር አላለችም። «አውቅ ነበር።»

«እና አንድ ቀን እንኳ...»

«ስሟን ስጠራ ተነስተህ ትሄድ አልነበር? አንዴ ጀመርኩት፣ ኮትህን ይዘህ ወጣህ። ደግሞ ጀመርኩት፣ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኸው። ሦስተኛው ላይ እኔም ደከመኝ፣ ልጄ።» አንዱን ስኒ አለቅልቃ አስቀመጠች። «እሷም ተይው አለችኝ። 'አዝኖልኝ እንዳይመጣ፤ ስናፍቀው ይምጣ' አለች።»

ናፍቃው ነበር። ይህን አሁን ለማን ይናገራል?

«በል ያን ጨርቅ አንሳና ስኒውን አድርቅልኝ» አለች እናቱ። «ደግሞ ሰው መጣ።»

አደረቀ። ሃያ ሦስት ስኒ አደረቀና ወጥቶ «አሜን» ሊል ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት ሰው ሳሳ። ወሬውም እንደ ሰው ደክሞት ስለ ቤት ኪራይና ስለ ጥርስ ሕመም ሆኗል። አጎት እግራቸውን ዘርግተው፣ «እህ፣ ተጀመረ ወይ ሥራው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ላወርዳት ነው» አለ ኦርጅናል።

ግቢው ከበረንዳው ወደ በሩ ያዘቀዝቃል፤ ክፍሉም እዚያው ታች ነው። ሊገፋት መሪዋን ያዘ። ከዚያ ሐሳቡን ቀየረና እግሩን አሻግሮ ተቀመጠባት። በጣም ዝቅ ትላለች፤ ጉልበቱ ወደ ሆዱ መጣ። ለቀኝ እግሩ ሌላ ማሳረፊያ ስላላገኘ ላሜራው ላይ አስቀመጠው።

«ልግፋልህ?» አለች እናቱ ከበረንዳው።

«ተይው እማዬ፣ ቁልቁለት ነው።»

ግራ እግሩን ከመሬት አነሳ። ሞተሯ ሳትነሳ፣ በጎማዋ ብቻ፣ በመጀመሪያ ዝግ ብላ፣ ኋላ እየፈጠነች ወረደች። የብረት በሩ እየቀረበ መጣ። ቀኝ እግሩ ዕድሜውን ሙሉ የለመደውን ፔዳል ፍለጋ ረገጠ፤ ላሜራውን አገኘ። ደግሞ ረገጠ።

«ኧረ ፍሬን! ፍሬን ያዝ አንተ ልጅ!» አሉ አጎት ከወንበራቸው እየተነሱ።

እጁ እንደምንም ደረሰለት። እጀታዋን ጨበጠ። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ያዙ፤ ሳትንገጫገጭ፣ ሳትንሸራተት፣ ከበሩ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ስንት ሞተር አድሷል፣ እንዲህ ለስልሶ የሚይዝ ፍሬን ግን ሠርቶ አያውቅም።

ከጎኑ የክፍሉ በር ተከፍቷል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሳጥን ይታያል።

«በል አስገባትና ጀምር እንግዲህ!» አሉ አጎት ከላይ።

አልወረደም። እጁን አየ። እጀታዋ ወደ መያዣው በጣም ቀርባ ነው የተገጠመችው፤ ለትንሽ እጅ፣ ጉልበት ላጡ ጣቶች። የሱ ወፋፍራም ጣቶች እዚያች ክፍተት ውስጥ ተጣጥፈው በግድ ገብተዋል።

እናቱ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወርዳ አጠገቡ ደረሰች። ፊቱን አየች፣ ወደ ጎማው አየች።

«ቆማለች እኮ፣ ልጄ» አለችው ቀስ ብላ። «ልቀቀው።»

«እሺ፣ እማዬ» አለ፤ ጣቶቹን ግን አልፈታም።