ለጊዮርጊስ የተሰጠው ሰው

ሰውየው ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። የትናየት ዶሮዎቿን ልታወጣ በማለዳ ብቅ ስትል መጀመሪያ ያየችው ሆዱን ነው። ክንዱና እግሩ የማሽላ አገዳ መስሏል፤ ሆዱ ግን ወሯ እንደ ገባ ነፍሰ ጡር ወደ ፊት ገፍቷል። ፊቱን እስክታውቀው ትንሽ ቆየች። ስታውቀው በጣሳ የያዘችውን ጥሬ ሳትበትን ቀረች፤ ዶሮዎቹ እግሯ ሥር ተሰብስበው ቀና ብለው ያዩዋት ጀመር።

«ባየልኝ!»

«እኔው ነኝ፣ እማማ።»

«ደግሞ ምን ልታረግፍ መጣህ? ዘንድሮ የዘራሁት ማሽላ ነው።»

«ክሱን ያንሱልኝ ብዬ ነው» አላት። ድምፁ ከሆዱ ሳይሆን ከጥርሱ የሚወጣ ይመስል ነበር። «ለጊዮርጊስ የሰጡኝን ያንሱልኝ። እየሞትኩ ነው።»

ነገሩ የዓምናው አጨዳ ነው። ሰሊጥ ጠባየ ክፉ ነው፤ ከደረሰ ሰው አይጠብቅም። ፍሬውን የያዘው ቅርፊት አፉን ከከፈተ ነፋስ ሲነካው ይረግፋል። ስለዚህ ገና ሳይከፍት ይታጨዳል፤ ታስሮም እዚያው በዚያው ነዶው ራስ ለራስ ተደጋግፎ እንዲደርቅ ይቆማል፤ ሂላ የሚሉት እርሱን ነው። ሂላ ያላቆመ አጫጅ አጨደ አይባልም፤ ገደለ እንጂ። ባየልኝ ከጎጃም ለአጨዳ የወረደ የቀን ሠራተኛ፣ የአጫጆቹም አለቃ ነበር። የየትናየትን ማሳ አጭደው፣ ነዶውን እንደ ሬሳ አጋድመው አደሩ። ሲነጋ አብርሃ ጅራ በኩል ወጥ የማይቆጥብ ባለ እርሻ አለ የሚል ወሬ ሰሙና አንዳቸውም ሳይሰናበቷት ጠፉ። በማግስቱ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ያቆመችው እርሻ ጥቁር ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

የትናየት ሽማግሌ አልላከችም፤ ቀበሌም አልሄደችም። የጊዮርጊስ ዕለት ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ጠብቃ፣ ነጠላዋን ከራሷ ገፍፋ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመች። «ጊዮርጊስ! ፈረስህን ጫን! ባየልኝን ሰጥቼሃለሁ፤ እንደ ሰሊጤ አርግፈው!» ብላ ጮኸች። ድሮም ንግግር አይቸግራትም፤ ያን ቀን ግን እንደ ጎርፍ ወረደላት። የሰሙት አማተቡ።

ክረምት ላይ ሰውየው ታሟል፣ ሆዱ ተነፍቷል የሚል ወሬ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሴቶች ውኃ ሲወርዱ መንገድ ይለቁላት ጀመር። ፍየሏ የሰው ማሳ ብትገባ አፉን የሚያላቅቅባት ጠፋ። የትናየት ይህን አልጠላችውም። ፊደል ያልቆጠረች፣ ልጅ ያልወለደች፣ ባል የቀበረች ሴት በምን ትፈራ? በጸሎቷ ተፈራች። ይህም ክብር ነው ብላ ተቀምጣ ነበር። አሁን ያ ክብሯ አጥሯ ሥር ቁጭ ብሎ ዝንብ እንኳ ከፊቱ ማባረር አቅቶታል።

ውኃ በቅል ይዛ ወጣች። «ጠጣ። መርዝ የለበትም፤ ምላሴ መች አነሰኝ።»

ጎረቤቷ ደምለው ትራክተሩን ሊያስነሣ ሲወጣ አይቷቸው መጣ። ሰውየውን ከእግሩ እስከ ራሱ አየውና ባርኔጣውን አወለቀ። «ይኼማ ሆስፒታል የሚያስፈልገው ነው። ተሳቢው ላይ ፍራሽ ጣል አድርጌ መተማ አደርሰዋለሁ።»

ባየልኝ አጥሩን በሁለት እጁ ጨበጠ። «አልሄድም! የታቦት ክስ ያለበት ሰው መርፌ ከተወጋ አያድርም። ስንት ጠበል ተጠመቅሁ፤ ጠበሉም እምቢ ያለኝ ክሱ ስላልተነሣ ነው።»

«ማነው ይህን ያለህ?» አለች የትናየት።

«አብረውኝ የሚያጭዱት።»

«እነሱማ አዋቂዎች ናቸው፤ ሂላ ማቆምም ያውቁ ነበር!»

አሽሟጠጠች እንጂ ነገሩን እሷም ታምነው ነበር። መርፌ የማይወድ በሽታ እንዳለ ከእናቷ ነው የሰማችው። ስለዚህ ገባት፤ ሰውየው ቃል ከአፏ ካልሰማ ከዚህ አጥር አይነሣም። ዝም ብትል እዚሁ ይሞታል። ቢሞት ደግሞ ከእንግዲህ ስሟን እንኳ ጮክ ብሎ የሚጠራ አይኖርም። ይህች ሐሳብ ለአንድ አፍታ ጣፈጠቻት። ጣፋጭነቷ አስደነገጣት። የሰውየውን ጣቶች አየች፤ ነዶዋን ያጋደሙት እነዚህ ናቸው። አሁን አጥሯን የሙጥኝ ብለዋል።

«ደምለው፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አምጣልኝ። ዕለቱም ጊዮርጊስ ነው። አንተ ደግሞ አትለፍልፍ» አለችው ባየልኝን፣ «ሆስፒታል አላልኩም።»

እሷ በእግሯ ቀደመች። የንስሐ አባቷን አባ አንዱአምላክን ከዕቃ ቤቱ ጎን አገኘቻቸው፤ ቅዳሴው እየተገባደደ ነበር። መስቀል ሳትሳለም ጠየቀች።

«አባ፣ እኔ ነኝ ያሳመምኩት?»

አባ አንዱአምላክ ቀስ ብለው አዩዋት። «ፈርተሽ ነው የምትጠይቂኝ ወይስ ደስ ብሎሽ?»

ልትዋሽ ፈለገች። «ሁለቱንም» አለች።

«እንግዲያው እውነቱን ተናግረሻል። እኔ የሰማዩን ችሎት አላይም። የከሰስሽው አንቺ፣ የምታነሺው አንቺ።»

«በልቤ ባነሣውስ?»

«በልብሽ ነው እንዴ የከሰስሽው? አሞራው ሳይቀር ነው የሰማሽ!» ሊሄዱ ዞሩና ተመለሱ። «ደግሞ የክርስትና ስሙን ጠይቂው። ለመክሰስ አላስፈለገሽም፤ ለመማለድ ግን ያስፈልግሻል።»

ይህ ክሱን ከማንሣት ይልቅ ከበዳት። የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም። ለንስሐ አባት፣ ለእናት፣ ለታመነ ወዳጅ ነው። ጠላት ከያዘው፣ ሰውዬውን ከነነፍሱ እንደ ያዘው ነው ይላሉ። ያን ስም ልትጠይቀው የምትሄደው ደግሞ «አርግፈው» ያለችው ሴት ናት።

ደምለው ተሳቢውን ከበሩ አጠገብ አቁሟል። ባየልኝ ፍራሹ ላይ በጎኑ ተኝቷል።

«የክርስትና ስምህን ንገረኝ» አለችው።

ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የትናየት ጠበቀች፤ መጠበቅ ልማዷ አልነበረም።

«ብትነፍገኝ አልፈርድብህም» አለች በመጨረሻ። «እኔም ብሆን ለእኔ አልነግርም።»

ባየልኝ ዓይኑን ገለጠ። ፊቷን እያየ፣ አንድ ነገር ሲፈልግበት ቆየ። ያግኘው ወይም መፈለጉ ይድከመው አልታወቀም። «ወልደ ጊዮርጊስ» አለ።

የትናየት ድዷ እስኪታይ ሳቀች፤ ደምለው አበደች ብሎ ከትራክተሩ ወረደ።

«ልጁን ነዋ ለአባቱ የከሰስኩት! ዓመት ሙሉ ልጅህን ግረፍልኝ እያልኩ ነዋ ጊዮርጊስን ደጁ ላይ የነዘነዝኩት! አንተ ደግሞ፣ በስሙ ተጠምቀህ ነው እንዲህ የፈራኸው?»

«በስሙ ተጠምቄማ ነው የባሰ የፈራሁት» አለ ባየልኝ። ከንፈሩ ወደ ጎን ሳብ አለ። ሳቅ ይሆን ሕመም፣ እሷ ሳቅ ነው ብላ ያዘችው።

ሕዝቡ መውጣት ጀመረ። የትናየት ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመች፤ ዓምና ያዩዋት ወዲያው ገባቸውና ልጆቻቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

«ጊዮርጊስ!» አለች። ቀጥሎ ምንም አልመጣም። ስትራገም አፏን ሞልቶ የጎረፈው ቃል አሁን ወዴት እንደ ሄደ እንጃ። ጉሮሮዋን ጠረገች። «ባየልኝ ያልኩህ ሰው ወልደ ጊዮርጊስ ነው። ያንተው ነው። ክሴን አንሥቻለሁ፤ ሰውየውን መልስልኝ!»

ከኋላ አንዱ ወጣት ሳቁ አመለጠው። እውነቱን ነው፤ አሁንም እያዘዘች ነበር። ዕድሜ ልኳን እንዲህ ነው የጸለየችው፤ ዝናቡን አቁም፣ ላሚቱን አስረግዛት፣ ያንን ጣል፣ ይህን አንሣ። እግዜርን እንደ ሰነፍ ቅጥረኛ ስታዝዘው ኖራለች። ሳታስበው ተንበረከከች። ግንባሯን ከደፉ ላይ አደረገች። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር።

«እባክህ» አለች። ቃሉ አፏ ውስጥ እንግዳ ነበር፤ መልሳ ቀመሰችው። «እባክህ። ሰሊጡን ተወው። ሰውየውን አድንልኝ።»

ይህን የሰማ ሰው ጥቂት ነው። ከሰሙት አንዷ፣ መንገድ ስትለቅላት የከረመች ሴት፣ «አሜን» አለች። ከዚያ ሌላውም ሌላውም አለ፤ ምን እንደ ሆነ ያልሰሙት ሳይቀሩ አሜን አሉ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ መተማ መንገዱ ጉድጓድ ብቻ ነው። ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች አቧራ እያለበሷቸው ያልፋሉ። ባየልኝ ራሱን ጉልበቷ ላይ ጣለ። «ጉልበቴ ትራስ አይደለም» አለችው። ተሳቢው ሲዘል ግን ራሱን በሁለት እጇ ያዘችለት፤ ከዚያም አልለቀቀችውም።

ሆስፒታሉ ውስጥ ስርጉት የምትባል ነርስ ሆዱን ዳሰሰች፣ ደሙን ወሰደች፣ ጥቂት አስጠብቃ ተመለሰች። «ካላዛር ነው፣ እማማ። መድኃኒት አለው። በየቀኑ መርፌ ይወጋል፤ እዚህ ይሰነብታል እንጂ ገና አላመለጠንም።»

«ከምን የመጣ ነው?»

«ከዝንብ። በጣም ትንሽ ናት። ከግራር ሥርና ከተሰነጠቀው ጥቁር ዋልካ አፈር ትወጣለች፤ ሜዳ ላይ የሚያድረውን አጫጅ ትነድፈዋለች። ለዓይን አትሞላም።»

«ዝንብ!»

«አዎ። ግን ለምንድን ነው እስከዚህ የቆየው?»

የትናየት ዙሪያዋን አየች። «ዳኛዋ ቀጠሮ ስታረዝምበት» አለች።

ስርጉት አልገባትም። መርፌውን አዘጋጅታ መጣች። ባየልኝ መርፌውን አላየም፤ ያየው የትናየትን ነው። የሚጠብቀው ምን እንደ ሆነ ገባት።

«ተነሥቷል» አለችው። «ክንድህን ስጣት።»

ዘረጋላት።

የትናየት ወደ ግቢው ወጣች። ዝንብ! ከክረምት ወዲህ ሴቶቹን መንገድ ያስለቀቀቻቸው ለዓይን በማትሞላ ዝንብ ነው። አፈረች። ከዕፍረቱ ጋር ደግሞ ከጀርባዋ አንድ ነገር እንደ ወረደላት ተሰማት፤ ውኃ ተሸክማ ዳገት ወጥታ እንስራውን እንዳወረደች ያህል። እንግዲህ ቁጣዋ ሰውየውን ካልጣለው፣ ልመናዋስ ያነሣዋል? አታውቅም። ይህን ያህል ነገር ሳታውቅ ውላ አታውቅም። የምታውቀው ሰውየው ጠዋት አጥር ጨብጦ እንደ ነበር፣ አሁን ክንዱን እንደ ዘረጋ ነው። መጸለይ አማራት። የሚከሰስ ሳይኖር፣ የሚታዘዝ ሳይኖር፣ እንዲሁ መቆም አማራት።

ፀሐይ አናቷ ላይ ናት። ሆስፒታሉ ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያዞሯት ስለ ቆየች ወዴት ዞራ እንደምትቆም ግራ ገባት። ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር፣ ጥቁር ቶብ ከራሷ እስከ እግሯ የተከናነበች ሴት፣ አጠገቧ ምንጣፍ ጠቅልላ አስቀምጣ፣ ታያት ነበር።

«ምን ጠፋብዎት፣ እማማ?»

«ምሥራቅ ጠፋብኝ።»

ሴትዮዋ ሳቀች። ኩብራ እባላለሁ አለች፤ ባሏ ውስጥ ተኝቷል፤ ሰንብተዋል። «እኛ ወደዚያ ወደ ውኃ ታንከሩ ነው የምንሰግደው። ወደዚያ ዞረው ይቁሙ። ቆሙ? ወላሂ፣ ምሥራቅ በቀኝ እጅዎ በኩል ነው።»

«እንዳታሳስቺኝ። ምላሴ ክፉ ነው።»

«የእኔም ክፉ ነው፤ ባሌን ይጠይቁት» አለች ኩብራ። ከዚያ ምንጣፏን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችላት።

የትናየት ወደ ቀኝ ዞረች። ፊቷ የቆመው ቀለሙ የተላላጠ የላቦራቶሪው ግድግዳ ነበር፤ እጇን ብትዘረጋ ትነካዋለች። ነጠላዋን አጣፋች፣ አማተበች። «ወልደ ጊዮርጊስ» አለችና ቆመች። የሚቀጥለውን ፈለገች። አልቸኮለችም። ከግድግዳው ጀርባ ጎማ ያለው አልጋ ሲንኳኳ፣ ከመንገድ ባጃጅ ሲጮኽ፣ ከኋላዋ ኩብራ በራሷ ቋንቋ ስትንሾካሾክ ይሰማታል።

«የባየልኝ አስታማሚ!» ስርጉት ከበሩ ተጣራች። «የባየልኝ ቤተሰብ የለም እንዴ? ውኃ ይፈልጋል፤ ርቦኛልም ይላል!»

ኩብራ ቀና ብላ አየቻት።

«አለሁ!» አለች የትናየት። ወደ በሩ ስትሄድ ከንፈሯ ገና ይንቀሳቀስ ነበር።