ወፍ ዘራሽ

«እትዬ እንግዳወርቅ፣ ይሄን ወፍ ዘራሽ ሁሉ ነቃቅለን ወንበሩን እዚህ ብንደረድረውስ?» አለ የዕድሩ ልጅ ጊዲዮን፣ እጅጌውን እየሰበሰበ።

እንግዳወርቅ ጓሮው በር ላይ ተቀምጣለች። ባሏን ወንድይራድን ትናንት ቀብራለች፤ ነገ ሠልስቱ ነው። ለንደን፣ ባተርሲ ያለው ቤታቸው ሳሎን ለቀስተኛውን አልችል ብሏል። ያለው ጓሮው ነው፤ ጓሮውን ደግሞ ማንም ያልተከላቸው ቀያይ አበቦች ይዘውታል፤ በድንጋይ ንጣፉ ስንጥቅ፣ በቱቦው አፍ፣ ከልብስ ማስጫው ሥር።

«እንደፈለጋችሁ» አለች። ለመከራከር አቅም አልነበራትም። ደግሞም አበቦቹ አሰልችተዋታል። ማማሩንስ ያምራሉ። ግን የዘንድሮው አንድ ለከርሞ አሥር ሆኖ ይጠብቃታል፤ ርጋፊው የተሰጣ አንሶላ ላይ ይለጠፋል። ወንድይራድ ግን አያስነካም። አውቶቡስ ነጂ ነበር፤ በጓሮ በር ወደ ሥራ ሲወጣ እንዳይረግጣቸው እግሩን እንደ ሽመላ እያነሳ ነበር የሚራመደው።

ልጇ ራኬብ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለች። «ማሚ፣ አር ዩ ሹር? የዳዲ እኮ ናቸው።»

«ደክሞኛል ልጄ።»

«ነፍሱን ይማረውና» አለች ጎረቤቷ ዓይናዲስ፣ «እኔንማ ጫማሽን አውልቂና እለፊ ማለት ነበር የቀረው። ለወፍ ዘራሽ።»

ሊያግዝ የመጣው ሰው ፈገግ አለ። እንግዳወርቅ ግን ቃሉ እንደ እሾህ ወጋት።

ቤቱን በያዙበት በጋ እሷም ያንኑ ብላ ነበር። «ይሄ ወፍ ዘራሽ ሊወርሰን ነው።» ወንድይራድ ማንኪያውን አስቀመጠ። ስለ ልጅነቱ ሲጠየቅ በቀልድ የሚያልፍ ሰው፣ ያን ቀን ነገራት። ደሴ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ ላይ ተጥሎ የተገኘ ልጅ ነበር። የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የሰፈር ልጆች ሲጣሉት ስሙን ትተው «ወፍ ዘራሽ» ይሉታል።

«ምን ትላቸው ነበር?»

«ምን እላለሁ። ማን እንደዘራኝ ባላውቅም ይኸው በቅያለሁ።» ሳቀና ሾርባውን ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ እያጉረመረመች ርጋፊውን ጠረገች እንጂ፣ አንድም አልነቀለች።

ጊዲዮን የመጀመሪያውን ከነሥሩ መዘዘው። እንግዳወርቅ የራኬብን ትከሻ ይዛ ተነሳች።

«ጊዲዮን፣ ተዋቸው ልጄ።»

«ወንበሩ መግቢያ ያጣል እኮ እትዬ።»

«ተጠጋግተን እንቀመጣለን።»

በማግሥቱ ለቀስተኛው በአበቦቹ መሃል ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ተቀመጠ። አንዳንዱ እግሩን የሚያሳርፍበት አጥቶ አጣጥፎ ይዟል። ከእንግዳወርቅ አጠገብ ብቻ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ቀርቷል፤ ከንጣፉ ስንጥቅ አንዲት ቀይ አበባ ወጥታበታለች።

የወንድይራድ የሥራ ባልደረባ ስምዖን ዘግይቶ ደረሰና ወንበር አንጠልጥሎ መጣ። «እዚህ ጋ ልቀመጥ?»

እንግዳወርቅ መዳፏን በአበባዋ ላይ ዘረጋች።

«ሰው አለበት» አለችው።