ጋሽ ደጉ ሳያዩ አይጠሩም

«ወይኔ ጋሼን፣ ወይኔ ጎረቤቴን» እያልኩ በሩን ስገፋ፣ ከውስጥ የከፈቱልኝ ሟቹ ራሳቸው ነበሩ። ጋሽ ተስፋለም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ የተላጠ ብርቱካን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ጉንጬን በእንባ አርሼ፣ «እርስዎ» ማለት ከበደኝ።

«እኔ እንጃ ጋሼ። ጋሽ ደጉ ሲጠሩ ሰምቼ ነው።»

«ደጉ?»

«አዎ።»

«ሜቲ፣ ደጉን እኮ አብረን ነው የቀበርነው።»

እውነታቸውን ነው። ጋሽ ደጉ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ነበሩ። እዚህ ካዛንቺስ፣ ከሆቴሎቹ ጀርባ በቀረችው ሰፈራችን፣ ሰው ሲሞት ጡሩንባ ነፍተው በየደጁ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ካረፉ ዓመት አልፏል። ከዚያ ወዲህ የሰው ሞት የሚደርሰን በስልክ መልእክት፣ ከባንክ ማስታወቂያ ጋር ተደባልቆ ነው። እኔ ግን ወጥ እያማሰልኩ ጡሩንባው ሲነፋ፣ ቀጥሎም ያ ሻካራ ድምፅ «የእድር ሰው ስማ፤ አቶ ተስፋለም አርፈዋልና ውጣ» ሲል፣ ጆሮዬ ከጭንቅላቴ ቀደመ። ወጣሁ።

ብቻዬን ብሆን ኖሮ ሞኝነቴን ደብቄ እኖር ነበር። ዞር ስል ባለሱቁ ኑሪ ሱቁን ገርበብ አድርጎ፣ ኮፍያውን እያስተካከለ ከኋላዬ ቆሟል። ከእሱ ኋላ የላይኛው ግቢ ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ይመጣሉ። የጋሽ ተስፋለም ልጅ ሊዲያ ከሳሎን፣ «ቲቪው ነው እኮ! ድራማው ነው» ብላ ተጣራች።

ጋሽ ተስፋለም ሁላችንንም አየት አየት አደረጉን። «እንግዲህ መጥታችኋል። ግቡና ሞቴን አብረን እንየው» አሉ።

ድራማው «ኦና ምሕዋር» ይባላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ይታያል። ስለ መጪው ዘመን ነው፣ ሳይንሳዊ ልቦለድ ነው ይላሉ። ድምፁን የሚሠራው ኤልዳድ የሰፈራችን ልጅ ስለሆነ ወደድንም ጠላንም እናየዋለን። እነሊዲያ ደግሞ የትኛው ክፍል ይበልጥ ያስፈራል እያሉ በስልክ ሲከራከሩ ይውላሉ። በአንደኛው ሊፍቱ ሰውየውን ቤቱ ያደርሰዋል፤ በሩን ሲከፍት ሚስቱና ልጆቹ ከሌላ እሱ ጋር እራት እየበሉ ያገኛቸዋል። በሌላኛው መስታወት ውስጥ ያለው ሰው ትንሽ ዘግይቶ ይስቃል። እኔ እሱን ሳይ አልቅሻለሁ፤ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር።

የዚያን ቀኑ ክፍል ግን ሽንኩርት አላስፈለገውም። አንድ ማሽን ነገ የሚሞተውን ሰው ዛሬ ያውቃል። ጡሩንባ ነፍቶ በስሙ ይጠራዋል። ተስፋለም ተብሎ የተጠራው ሰውዬ ጫማውን አስሮ ይወጣና ደጃፉ ላይ በተተከለለት ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል። ጎረቤቶቹ ይመጣሉ። ንፍሮ ይዘግኑለታል፤ ይበላል። ስለ ራሱ ሞት «እግዜር ያጽናህ» ይሉታል። «አሜን» ይላል። የሚያለቅስ የለም፣ የሚሮጥ የለም። ንፍሮው ሲታኘክ ብቻ ይሰማል። ከማሽኑ የሚወጣው ድምፅ የጋሽ ደጉ ነው፤ ሳላቸው እንኳ አልቀረችም።

የኑሪ ክንድ ላይ ፀጉሩ ሲቆም አየሁ። «ወላሂ፣ ይሄ ነገር…» ብሎ ተወው።

እትዬ ሙሉመቤት ያኔ ትዝ አሉኝ። የጋሽ ደጉ ባለቤት ናቸው፤ ቤታቸው ከጋሽ ተስፋለም ቀጥሎ ነው። ቲቪ የላቸውም። ባይኖራቸውስ፣ ሰፈሩ በሙሉ ከፍቶታል፤ የባላቸው ድምፅ በየመስኮቱ እየወጣ ነው። ሮጬ ስደርስ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ሳፋ፣ በሌላው ውሃ የሞላ ጆግ ይዘዋል። ጋሽ ደጉ ለለቅሶ ጠርተው ሲመለሱ፣ ከሬሳ አጠገብ የመጣ እጃቸውን ሳይታጠቡ ቤት አይገቡም ነበር። አስታጣቢያቸው እትዬ ናቸው።

«ውሃ ቀዳሁለት» አሉኝ። «ድምፁን ስሰማ ተነስቼ ውሃ ቀዳሁለት፣ ሜቲ።»

ሊያለቅሱ ነው ብዬ ልደግፋቸው ተጠጋሁ። አላለቀሱም።

«ማነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም እትዬ። ድራማ ነው።»

«ማንም ሳይሞት ደጉ ጠራ?»

ውሃውን መሬቱ ላይ ደፉትና በሩን ዘጉት። አዘጋጉ ግድግዳውን አነቃነቀው።

ጋሽ ደጉን ለማያውቅ ሰው ይህ ቁጣ የበዛ ይመስለዋል። ጋሽ ደጉ ሳያዩ አይጠሩም ነበር። ቤት ገብተው፣ አንሶላውን ገልጠው፣ ፊቱን አይተው ነው ጡሩንባ የሚያነሱት። አንድ ጊዜ የሰፈራችን ሰው አቶ ደጋጋ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ ዘመዶቻቸው ደውለው «አርፈዋል፣ ጥራልን» አሏቸው። ጋሽ ደጉ «አላየሁም» ብለው በዝናብ በእግራቸው ሄዱ። አቶ ደጋጋ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ሾርባ ሲጠጡ አገኟቸው። ዛሬም አሉ። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ቢገቡም በየወሩ እድር ስብሰባ እየመጡ ስለተበሳው ድስት ይጨቀጭቁናል።

በማግስቱ እሑድ ያ ወርሃዊ ስብሰባ ነበር። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ተስፋለም ናቸው። «እኔ ሟቹ ስብሰባውን ከፍቻለሁ» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። እትዬ ሙሉመቤት ከፊት ወንበር፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አልሳቁም።

ኤልዳድም መጣ። አባቱ ሲሞት በአባቱ ቦታ የገባ የእድሩ አባል ነው። ፊቱ በርቷል፤ ልናመሰግነው የተሰበሰብን መስሎታል።

«አያችሁት አይደል? ማለቴ፣ ሰው በቃ አብዷል። ከሁሉም ክፍል አስፈሪው ተብሎ አንደኛ ወጣ።»

«ድምፁን ከየት አመጣኸው?» አሉ እትዬ።

«እኔው ነኝ የቀዳሁት እትዬ። በየለቅሶው ጋሼ ሲጠሩ በስልኬ እቀዳቸው ነበር። ከዛ ኮምፒውተሩ ድምፃቸውን ተማረው። አሁን የፈለግነውን ስም ይጠራል።»

«የፈለጋችሁትን።»

«አዎ፣ ማንንም።»

እንዲህ ሲል ኩራቱ ነው የገረመኝ። ቀልደኛ ናት ይሉኛል፤ ያን ጊዜ ግን ምላሴ ላይ የመጣው ቀልድ አልነበረም፣ ዋጥኩት።

«እኔ ድምፁ ሊጠፋብኝ ነው እያልኩ እንቅልፍ የማጣ ሰው ነኝ» አሉ እትዬ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻል ነበር። «ያቺ ሳሉ እንኳ ቤቴ ውስጥ የለችኝም። አንተ በኪስህ ይዘኸው ስትዞር፣ በደጃፌ ስታልፍ፣ አንድ ቀን ‹እንኩ ይስሙት› አላልከኝም። ትናንት ሰማሁት። ሲዋሽ ሰማሁት።»

«ውሸት አይደለም እኮ እትዬ። አርት ነው።»

«አርቱ ሱቄን አዘግቶኛል» አለ ኑሪ።

«የሚመጣው ቅዳሜስ? እዚያም ላይ አለ?» አሉ እትዬ።

ኤልዳድ ጫማውን አየ። «የመጨረሻው ክፍል ነው። እዚያ ላይ… ሁሉንም ይጠራል። የሰፈሩን ሰው።»

«በስም?»

«በስም።»

«እኔንስ?» አሉ አቶ ደጋጋ ከኋላ።

«እርስዎንም ጋሼ።»

«አሁንም ከሾርባዬ ላይ ልታስነሱኝ ነው» አሉ አቶ ደጋጋ፤ ጥቂት ሰው ሳቀ።

«እኔንም?» አሉ እትዬ ሙሉመቤት።

ሳቁ ቆመ።

«እርስዎን መጨረሻ ላይ ነው። ማለቴ፣ ሚስቱን ሲጠራ… በጣም ልብ የሚነካው እሱ ነው እትዬ።»

ጋሽ ደጉ በሞቱበት ሳምንት ይህ ልጅ ድንኳን ሲተክል አይቼዋለሁ። ያኔ ባርኬዋለሁ። አሁን ምርቃቴን መመለስ ቢቻል እመልሰው ነበር።

«አውጣው» አሉ እትዬ።

«አይቻልም እኮ። ተሠርቶ አልቋል። ግን ማለቂያው ላይ ‹መታሰቢያነቱ ለአቶ ደጉ› ብለን እንጽፍበታለን።»

«ውሸቱ አልበቃ ብሎ ስሙን ልትለጥፍበት?»

ጋሽ ተስፋለም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ በቀጥታ ንገረን። አይቻልም ነው ወይስ አትፈልግም?»

«ድምፃቸውን ካወጣሁት ድራማው ምን ቀረው ጋሼ?»

ቢዋሸን ይሻል ነበር። ከግራም ከቀኝም ማጉረምረም ተነሳ። ኑሪ «ይሄ ልጅ ምን ነካው» እያለ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። እትዬ ሙሉመቤት ግን ብድግ ብለው ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ።

«ደንባችን ምን ይላል? ሰው ሳይሞት ያስጠራ፣ ጡሩንባ ያስነፋ?»

የጥንት ሰካራሞች ለቀልድ ሰፈሩን በሌሊት አስለቅሰው ስለነበር የወጣ ደንብ ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን።

«ከእድሩ ይሰረዛል» አሉ ጋሽ ተስፋለም።

ኤልዳድ ሳቀ። «ማሽኑ ነው እኮ የነፋው።»

መጀመሪያ እጁን ያወጣው ኑሪ ነው። አቶ ደጋጋ ቀጠሉ። ከዚያ እኔ። ከዚያ ማን እንደቀጠለ አላውቅም፤ ዞሬ ሳይ ያልወጣ እጅ አልነበረም። ልጁ ያን ጊዜ ነው ፊቱ የጠቆረው።

«እትዬ፣ አባቴ የተቀበረበት እድር እኮ ነው። ነገ አንድ ነገር ብሆን ማን ሊጠራኝ ነው?»

እትዬ ሙሉመቤት ነጠላቸውን እያጣፉ አለፉት።

«ድምፁ አንተ ዘንድ አይደል» አሉ። «ራስህን ጥራ።»