አራተኛው ክር

እታፈራሁ ልትገዛ ያየችው ኦቨርሎክ፣ የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝመው የስፌት ማሽን፣ በአራት ክር ይሰፋል፤ የተተከሉለት የክር ጥቅሎች ግን ሦስት ናቸው። አራተኛው ክር ከመንገድ ተነስቶ፣ በሱቁ በር ገብቶ፣ በቀጥታ ወደ መርፌው ይሄዳል።

እሷ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የምትሸወድ ሴት አይደለችም። ከቤቷ የሚለጠጥ የቲሸርት ቁራጭ ይዛ ነው የመጣችው። መጀመሪያ ከጎኑ ያለውን ሌላ ባለ ሦስት ክር ማሽን ሞከረች፤ ጠርዙን ቆርጦ አሳምሮ ዘመዘመው፣ ስፌቱን ስትስበው ግን ተከፈተ። በዚህኛው ሰፍታ በሁለት እጇ ጎተተችው። ንቅንቅ አላለም።

«አራተኛው ክር ከየት ነው የሚመጣው?» ብላ ባለሱቁን ኑረዲንን ጠየቀችው።

«ከውጭ ነው እህቴ። አያልቅም።»

«የማያልቅ ነገር ደግሞ የት አለ?»

ኑረዲን ማሽኑን ካርቶን ውስጥ ማሸግ ጀመረ። ነገሩ ጭራሽ አላማራትም። ቢሆንም ለሰፈሯ ፋብሪካ የእግር ኳስ ቡድን አሥራ ሁለት ማሊያ ልትሰፋ ተዋውላለች፤ ማሊያ ደግሞ በሦስት ክር አይሆንም። ገዛችው።

ኮምቦልቻ ቤቷ ስትደርስ ማሽኑን መስኮት ስር አስቀመጠችው። ክሩ ወዲያው በመስኮቱ ገባ፤ ከምሥራቅ በኩል፣ ካኪ ቀለም። ለጎረቤት አልተናገረችም፤ ምን ብላ ትናገር? በሦስት ቀን ማሊያዎቹን ጨረሰች። በረኛው ከሁሉም ቀድሞ መጥቶ የራሱን ወሰደ።

በማግስቱ ባሏ ማንደፍሮ ከሚሌ ደወለ። የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከካኪ ልብሱ አይለይም።

«በረደኝ» አለ።

«ሚሌ ላይ? በዚያ ሐሩር?»

«ቀበቶዬም አልይዝ አለኝ።»

«አጠገብህ ማን አለ?»

«ማን ይኖራል? ምን ነካሽ አንቺ?»

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የጠረጠረችው ሌላ ሴት ነው። ከዚያ ዓይኗ ክሩ ላይ አረፈ። ስልኩን ሳትዘጋ ፔዳሉን ረገጥ አደረገች።

«ትከሻዬን የሆነ ነገር ሳበኝ» አለ ማንደፍሮ።

እግሯን አነሳች። «አሁንስ?»

«ተወኝ።»

እታፈራሁ ስልኩን ዘጋች። መተርተሪያዋን አንስታ ቤት የቀሩትን አሥራ አንድ ማሊያዎች አንድ በአንድ ተረተረች። ክሩም ሳይቸኩል በገባበት መስኮት ተመልሶ ሄደ። ከዚያ በረኛውን ፍለጋ ወጣች። ጅማ ያለ ክለብ ለሙከራ ጠርቶት፣ ማሊያውን እንደለበሰ ተሳፍሯል። ስልኩን አያነሳም።

ቅዳሜ ማንደፍሮ ለምሳ ደረሰ። ከግራ ትከሻው አንድ ክር ወጥቶ፣ በመስኮቱ አልፎ፣ ወደ ጅማ ይሄዳል። የግራ እጅጌው እስከ ክርኑ ባዶ ነው፣ እጁ ውስጡ የለም፤ እያየችውም ባዶው ሽቅብ ይወጣል።

«ያምሃል?»

«አያመኝም፣ ይበርደኛል እንጂ። ሽሮ ጨምሪልኝ።»

መቀሱን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው፤ ከተቆረጠ የሄደው አይመለስም። ፈራች፤ በዕድሜዋ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ክሩን በግራ እጇ ጠምጥማ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ሲሳብ ቆየ። ከዚያ የእጅጌው ባዶነት ሽቅብ መውጣቱን አቆመ።

«አሁን ሞቀኝ» አለ ማንደፍሮ ጉርሻውን እያላመጠ።

እታፈራሁ መስኮቱን አየች። ክሩ አሁንም እየወጣ ነው። ካኪነቱ ግን ቀርቷል፤ ጠይም ሆኗል፣ የእሷን ቆዳ ይመስላል። በቀረው እጇ ሽሮውን ጨመረችለት።