የትንፋሽ ምርመራ

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርሁ። አንድ ክረምት ላይ ከዓይኔ ጀርባ ሰቅዞ የሚይዝ ራስ ምታት ጀመረኝ። ቆይቶ ግራ ዓይኔ ደበዘዘብኝ፤ ስራመድም እግሬ እየከዳኝ እንገዳገድ ጀመር።

አንድ ቀን የውይይት ክበብ ስብሰባ ላይ ራሴ ሊፈነዳ ሲደርስ፣ ልወጣ ብዬ ተነሣሁና ወደቅሁ። ሊቀመንበራችን ጓድ ክንዱ ሳቀ።

"ጓዶች፣ ሸዋዬን ያመማት አረቄ ነው። እስቲ ተንፍሽ!" ብሎ አፍንጫውን አፌ ላይ ደቀነ።

ባልደረቦቼ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ከእሱ አፍ የጥሬ ሥጋና የጠጅ ሽታ መጣብኝ።

"የሚሸተው የእርስዎ ነው፤ ዞር ይበሉልኝ!" አልሁት። ግድግዳ ይዤ ወጣሁና ጣና ዳር ደንገሉ ውስጥ አስመለስሁ።

ቢያዝን የሚባለው ባሌ አዲስ አበባ ወስዶ አሳከመኝ።

"ሰካራም ነሽ ይሉኛል" አልሁት ሐኪሙን።

"እርስዎ ሰካራም አይደሉም። መልቲፕል ስክሌሮሲስ የሚባል የነርቭ በሽታ ነው። ራስ ምታቱም አብሮት ሊመጣ ይችላል። የሚያድን መድኃኒት ግን እስካሁን የለውም" አለኝ።

ቤቴ ስመለስ ክንዱ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። "መቼ ዐወቅን፣ ጓዲት?" እያለ እጄን ጨበጠኝ። መዳፉ በላብ ርሶ ነበር። እጄን መንጭቄ በቀሚሴ ጠረግሁ። እሱ እንደወጣ ቢያዝን ብርቱካኑን ለጎረቤት ፍየሎች በተነው። እኔም ውሃና ሳሙና አስቀርቤ፣ ቆዳዬ እስኪቀላ እጄን አሸሁት።