ለኦሪያን ትሮምቦን ስንመርጥ

እኔ ሥራዬ ፍተሻ ነው። እስራኤል ውስጥ፣ በአፉላ ከተማ ኢንዱስትሪ ቀጠና ባለ የቧንቧ ፋብሪካ ሰባት ዓመት ሙሉ ቧንቧ እያነሳሁ፣ አየር እየነፋሁበት፣ ውኃ ውስጥ እነክራለሁ። አረፋ ያወጣ ወደ ቀዩ ሣጥን፣ ያላወጣ ወደ ሰማያዊው። የሚያፈሰውን ገና ውኃ ሳይነካው በጣቴ የማውቅበት ጊዜ አለ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ዋናው ግን ትሮምቦን የሚባለውን የነሐስ መንፊያ መሣሪያ ልንገዛ ስንሄድ ማንም እንደማያታልለኝ እርግጠኛ የነበርኩት በዚህ ምክንያት መሆኑ ነው።

ነገሩ የሆነው በዚህ አገር አቆጣጠር በ2008 ነው። ልጄ ኦሪያን አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ በከተማው ባለ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ትሮምቦን ትማራለች። እኔ የተመኘሁላት ፒያኖ ነበር፤ ግን በተመዘገብንበት ቀን በውሰት የሚሰጥ ዕቃ የቀረው ትሮምቦን ብቻ ስለነበር እሱን ታቅፋ መጣች። መጀመሪያ ቀን ስትነፋው ጎረቤታችን በር አንኳኩቶ ማን እንደታመመ ጠየቀ። በሦስተኛው ዓመት ግን ያው ጎረቤት አርብ ከሰዓት እሷን ለመስማት መስኮቱን መክፈት ጀመረ።

የውሰቱ ዕቃ የጀማሪ ነው፤ በሦስት ዓመቱ ለሌላ ልጅ ይመለሳል። አስተማሪዋ ያርደና ደወለችልኝ።

«ለመካከለኛ ደረጃ የሚሆን ትሮምቦን ግዙላት» አለችኝ። «በግራ አውራ ጣት የሚጫኑት ቫልቭ ያለው ይሁን። ከወር በኋላ የወጣቶች ኦርኬስትራ ፈተና አለባት፣ እስከዚያ ትልመደው። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እሱ ከቫልቩም ይበልጣል። ልጅቷ ራሷ ትምረጥ። አሁን ከያዘችው የሚከብድ ዕቃ ነው፤ ለእጇም ለትንፋሿም የሚስማማውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የማይስማማቸው ተገዝቶላቸው እዚህ ደረጃ ላይ ትሮምቦን የተዉ ልጆች ብዙ ናቸው።»

«ቤሴዴር» አልኳት። ቤሴዴር እሺ ማለት ነው፤ እዚህ አገር ሰው ሳይሰማም ይለዋል።

እኛ ቤት ደግሞ ትልቅ ዕቃ ያለ ትልቅ ሰው አይገዛም። የባለቤቴ የካሳው ታላቅ ወንድም ጋሼ አዳሙ ማቀዝቀዣውን አይተው መርቀዋል፤ ሶፋውን መርቀዋል፤ ያችን አሮጌ መኪና እንኳ ጎማዋን በእግራቸው መታ መታ አድርገው «ይባረክ» ካሉ በኋላ ነው ቁልፉን የተቀበልነው። እሳቸው የመረቁትን መመለስ፣ እሳቸውን መመለስ ነው። ካሳው የዚያን ቀን ሥራ ስለነበረው «ጋሼ ይሂዱላችሁ» አለ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ሱቁ መሀል ከተማ፣ ከባንኩ ጀርባ ያለች ጠባብ ቤት ናት። ባለቤቱ ሃይም የሚባል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ መነጽር የሚፈልግ ሰው ነው። ሁለት ትሮምቦን አወጣልን። አንዱ አዲስ ነው፤ ሲያብረቀርቅ ፊትህን ያሳይሃል። ሌላው ያገለገለ ነው፤ የሰው እጅ የያዘበት ቦታ ቀለሙ ለቅቆ ነሐሱ ወጥቷል። ዋጋቸው እምብዛም አይራራቅም፤ ያገለገለው ከጥሩ እጅ የወጣ ጥሩ ዕቃ ነው አለን።

«አስቀድሜ ልንገራችሁ» አለ ሃይም፤ «ከዚህ በር ከወጣ በኋላ አይመለስም። አፍ የነካው ዕቃ ነው።»

እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ሥራዬን ጀመርኩ። የአንዱን ቧንቧ ጫፍ በመዳፌ ደፍኜ በሌላው ጫፍ ነፋሁበት፤ አላፈሰም። የሚሳበውን ቧንቧ ወደ ታች ለቀቅ አድርጌ አወራረዱን አየሁ፤ ሁለቱም ሳይንቀራፈፉ ወረዱ። ቫልቩን ተጭኜ ለቀቅኩት፤ ቶሎ ተመለሰ። ሃይም መነጽሩን ግንባሩ ላይ አገኘውና አድርጎ ተመለከተኝ። የት እንደምሠራ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «እኔ ጋ ነይ» አለ። ጋሼ አዳሙ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲስቁ፣ የልብ ልብ ተሰማኝ።

ከዚያ ኦሪያን ነፋች። በአዲሱ አንድ የምታውቀውን ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳትሳሳት ነፋች። ሁለት ጊዜ ቆም ብላ ግራ እጇን አፍታታች። ከዚያ ያገለገለውን አነሳች። ያንኑ ዜማ ጀመረች፣ ጨረሰችው፣ ከዚያ ሌላ ጀመረች፤ ማንም ሌላ አላላትም። ዓይኗን ጨፍናለች። እዚያ መኖራችንን የረሳች ትመስላለች። ሃይም ይጽፍ የነበረውን ወረቀት ተወው።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ልዩነቱን ሰምቻለሁ። ሙዚቃ አላውቅም፣ ግን የገዛ ልጄን ትንፋሽ አውቃለሁ። በአዲሱ ስትነፋ ትንፋሿ እየታገለ ነበር፤ በአሮጌው እንዲሁ ይሄድላት ነበር። ሰምቼ ዝም አልኩ።

ለምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። ኦሪያን መዋዕለ ሕፃናት ሳለች በዕርዳታ ያገኘነው ቀይ ኮት ነበራት። አንዲት ልጅ ልጆቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት «ይኼ የኔ ኮት ነው፣ እናቴ ልትጥለው ነበር» አለች። ኦሪያን ያን ክረምት ኮት አልለብስም ብላ በሹራብ ከረመች። እኔም ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው የተጠቀመበት ነገር ልጄ ላይ እንደማይወጣ ምዬ ነበር። ኮት ሲሆን እንኳ እንዲያ ነው፤ ይኼ ደግሞ አፍ ላይ የሚደረግ ነገር ነው። የውሰቱን ትሮምቦን እንኳ የግድ ሆኖብኝ ብቀበለው፣ መንፊያውን ሦስት ዓመት በየሳምንቱ ስቀቅለው የኖርኩ ሴት ነኝ።

«ኦሪያንዬ» አሉ ጋሼ አዳሙ፤ «የትኛው ይሻልሻል?»

አንገቷን ደፋች። «እናንተ ያላችሁት» አለች።

እንዲህ ነው ያሳደግኳት። ታላላቆች ተቀምጠው «ይኼን ስጡኝ» የምትል ልጅ አይደለችም። ኩራቴ ፊቴ ላይ ሳይታይ አልቀረም።

«እንግዲያው አዲሱ ነዋ» አሉ ጋሼ። «አሮጌ ዕቃ ገዝተንላት ሰው ምን ይላል? ይባረክ። የምትታወቂበት ያድርግልሽ።» እሷም እጃቸውን ስማ «አሜን» አለች። ሃይም ሊናገር አፉን ከፈተና እኔን አየኝ። እኔ ቦርሳዬን ከፈትኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት ረጅም ነበር። በፊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ ሰዓት ትነፋ የነበረች ልጅ በሃያ ደቂቃ ሣጥኑን መዝጋት ጀመረች። ግራ ክንዷን ታሻለች። ከበደሽ ወይ ስላት «ጥሩ ነው» ትላለች። ድምፁ አልወጣልሽም ወይ ስላት «ጥሩ ነው» ትላለች። ጎረቤቱም አርብ መስኮቱን መክፈት ተወ። አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፍኩ ሳለ ፈተናውን ትታ በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቷ ላይ ብቻ ብታተኩር ምን እንደሚመስለኝ ጠየቀችኝ። እንዲሁ እንደ ቀልድ ነው ያለችው። ደነገጥኩ፤ ያርደና ትሮምቦን ስለተዉ ልጆች የተናገረችው ቤቴ ገባ። ለያርደና ደውዬ ለማግሥቱ ቀጠሮ ያዝኩ።

ያርደና ልጄን ቆማ ሰማቻት። ዜማው መሀል ላይ በእጇ አስቆመቻት።

«ይኼን ማን መረጠው?» አለች።

«እኔ» አለች ኦሪያን።

«አንቺ ራስሽ? ሌላ አልነበረም?»

«ነበር። እኔ ነኝ ይኼን ያልኩት።»

ዓይኗን ሳትሰብር ዋሸች። ለእኔ ብላ ነው፤ ለአጎቷም ብላ ነው። ያርደናም «ራስሽ ከመረጥሽው እንግዲህ ምን ማድረግ ይቻላል፣ ትለማመጂዋለሽ፤ ፈተናው ግን ለዓመት ይቆይልሽ» አለቻት። ልጄ ራሷን ነቅንቃ ሣጥኑን ልትዘጋ ጎንበስ አለች። ተሳሳትኩ ማለት የማልወድ ሰው ነኝ። በፋብሪካው እንኳ አንድ ያፈሰሰ ቧንቧ ወደ ሰማያዊው ሣጥን አሳልፌ ተመልሶ ሲመጣ፣ ጥፋቱን በውኃው ነው ያሳበብኩት።

«ውሸቷን ነው» አልኩ በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጤ። «የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሌላው እንደሚሻላት ሰምቼ ዝም አልኩ።»

ያርደና ኦሪያንን ተመለከተቻት። ኦሪያን የተመለከተችው እኔን ነው።

ከዚያ ወጥተን መንገድ ላይ ለጋሼ አዳሙ ደወልኩ። ሳልነግራቸው ማድረግ አልፈለግኩም።

«ጋሼ፣ ትሮምቦኑን ልለውጠው ነው።»

«መርቄው የለም እንዴ?»

«የመረቁት ልጅቷን ነው እንጂ ብረቱን አይደለም።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው ዘጉት። ይህች «ታውቂያለሽ» ምን ማለት እንደሆነች የኛ ሰው ያውቃታል። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ቤታችን አልመጡም።

ሃይም መመለስ አልመልስም አለ። «አሁን ይኼም ያገለገለ ሆኗል፤ ባገለገለ ዕቃ ዋጋ ልይዘው እችላለሁ» አለ። የከሰርኩትን አልናገርም፣ ያናድደኛል። ያን አሮጌውን ከመደርደሪያ አወረደው፤ አልተሸጠም ነበር። ከጎኑ ደግሞ ሌላ፣ በዚያው ሳምንት የገባ አንድ ጨመረ። ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው።

«ምረጪ» አልኳት።

አንገቷን ደፋች። «አንቺ ያልሽውን» አለች።

በዚያን ጊዜ ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። ለእኔ ዝም ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። ሃይም ገባው መሰለኝ ወደ ጓዳ ገብቶ ዕቃ ማንኳኳት ጀመረ። ኦሪያን አንዱን ነፋች፣ ሌላውን ነፋች፣ እኔን አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። እንደገና ነፋች። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየን።

«ይኼን ነው የምፈልገው» አለች በመጨረሻ። ያንኑ የፊተኛውን፣ ቀለሙ የለቀቀውን አቅፋው ነበር። ፊቷ ግን ደስ ያላት ልጅ ፊት አልነበረም። «እማ፣ ለያርደና ያልሽው እውነት ነው? ያን ቀን ሰምተሽ ነበር?»

«ሰምቼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰው ቤት እናትን እንዲህ አፋጦ መጠየቅ ምን እንደሆነ አሳያት ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«ፈርቼ ነው» አልኳት። «አጎትሽን፤ ሰውንም።»

ትሮምቦኑን ከደረቷ ሳታነሳ ትንሽ አሰበች።

«እኔ ደግሞ የፈራሁት አንቺን ነበር» አለች።

ሃይም ከጓዳ ወጥቶ የትኛውን እንደወሰድን ጠየቀ፤ እሷው ነገረችው።