ቁልፉ በማን እጅ ይሁን

የሒሳብ መምህሩ በሃያ ሁለት ዓመት የማስተማር ዘመኑ ያልለወጠው አንድ ሥርዓት ነበረው፤ ደወል ሲደወል በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ያረፈደ ውጭ ይቀራል፤ የገባም ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ አይወጣም።

በዚህ ወር የመጣችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን ቁልፉ በዞረ ቁጥር ብድግ ብላ በሩን በሁለት እጇ ትደበድባለች፤ ሲከፍትላት ሮጣ ትወጣለች። ልጆቹ «ነፋሷ» አሏት። ሁለት ማስጠንቀቂያ ጻፈባት፤ ሦስተኛው ከትምህርት ቤቱ ያሰናብታታል። ግራ ያጋባው ባለጌ አለመሆኗ ነው፤ ደብተሯ ንጹሕ፣ አንደበቷ ቁጥብ።

ሦስተኛውን ወረቀት ዘርግቶ ሳለ የልጅቱ አክስት የመምህራን ክፍል ገባች።

«ጋሼ፣ ልጄ ምን አጠፋች?»

«እኔም ግራ ገብቶኛል። በር ሲቆለፍ ምን ይነካታል? ቤትም እንዲህ ናት?»

«እኛ ቤት በር አይቆለፍም» አለች አክስትየዋ። «አባቷ ሌባ ፈርቶ በእሷና በእናቷ ላይ ቆልፎ ሥራ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ቤቱ ውስጥ እሳት ሲነሣ ቁልፉ እሱ ኪስ ነው። እሷን ጎረቤቶች በመስኮት አወጧት፤ እናቷ ግን... አልደረሱላትም።»

የመምህሩ እጅ ሳያስበው ወደ ኪሱ ሄደ።

«ምነው ሳትነግሩኝ?»

«ማን ጠየቀን ጋሼ? ወረቀት ነው የላኩልን።»

መምህሩ አንገቱን ደፋ። እውነት ነው፤ ቀጣ እንጂ አልጠየቀም። ነገር ግን በሩ ክፍት ከዋለ አርባ ሁለት ልጅ ማን ይይዛል? ለአንዷ ሲል ሕግ ቢሽር አድልዎ፣ ባይሽር ጭካኔ፤ ሚዛኑ አልቆምለት አለ።

በማግስቱ ደወል ሲደወል ቁልፉን ይዞ በሩ ሥር ተገተረ። ነፋሷ የጠረጴዛዋን ጠርዝ ጨብጣለች።

«ቲቸር፣ መቆለፍ ጠፋብዎት እንዴ?» አለ አንዱ ቀልደኛ ከኋላ፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

መምህሩ በሩን እንደ ተከፈተ ትቶ ወደ ነፋሷ ሄደና ቁልፉን ደብተሯ ላይ አኖረው።

«አልቆልፍም። ቁልፉም አንቺ ዘንድ ይዋል።»

«ለምን ቲቸር?»

«እንጃ ልጄ። ብቻ ያዥው።»

ሁለት ጊዜ ተነሥታ እስከ በሩ ደፍ ሄደች፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመለሰች። አርፋጆች ዘው ዘው አሉ፤ የኮሪደሩ ጫጫታ ግማሹን ትምህርት በላው። በመጨረሻው ደወል ቁልፉን ልትመልስ መጣች፤ የቁልፉ ጥርስ መዳፏ ላይ ታትሟል።

«ነገስ?» አለችው።

መምህሩ ሳይፈረም የቀረውን ወረቀት ከመሳቢያው አወጣና በጀርባው የነገውን መልመጃ መጻፍ ጀመረ። ለአርፋጆቹ ምን እንደሚል ገና አላወቀም።

«ነገም ካንቺ አይለይ» አላት ቀና ሳይል።